ጋሽ ኩፐር የተባልኩበት ነገር

ምን አለሽ ተራ መጥታችሁ አባቴ ባወጣልኝ ስም ብትጠይቁ ማንም አያውቀኝም። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ሁሉ መዶሻውን አየር ላይ አቁሞ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ይላችኋል፤ ዛሬ ጠዋት ከእኔ ጋር ፉል የበላው ሰውዬ ጭምር። «ጋሽ ኩፐር» ካላችሁ ግን እጃችሁን ይዘው ደጄ ድረስ ያመጧችኋል። እንግሊዝ አገር ረግጬ አላውቅም። ከእንግሊዝኛ ፊደል ጋር የምንተዋወቀው በርሜል ላይ ተጽፎ ሳገኘውና መሀል ለመሀል ስቆርጠው ብቻ ነው። የአማርኛውንም ቢሆን ራጉኤል አጥር ሥር የኔታ ዘንድ ጀምሬ እንደ ነገሩ ነው የተውኩት። ታዲያ ይህ የፈረንጅ ስም ከየት መጣብህ ካላችሁኝ፣ በገዛ አፌ ጠርቼ ነው ያመጣሁት። ልንገራችሁ። መሳቅ ትችላላችሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ስቆ ጨርሷል፤ ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሥራዬ በርሜል መቁረጥ ነው። ባዶ የዘይት በርሜል፣ ባዶ የኬሮሲን በርሜል ይመጣል። እሰነጥቀዋለሁ፣ እዘረጋዋለሁ፣ እቀጠቅጠዋለሁ። ከእሱ የከሰል ምድጃ ይወጣል፣ ሳፋ ይወጣል፣ ጣሳ ይወጣል፣ ጎበዝ ከሆንክ ወንበርም ይወጣል። ልጄ ሰናይትም ከእሱ ነው የወጣችው ማለት ይቻላል። ገና ዳዴ ስትል እናቷ አረፈች። ሌላ የሚይዛት አልነበረምና ግማሹን በቆረጥኩት በርሜል ውስጥ ጨርቅ አንጥፌ አጠገቤ አስተኛት ነበር። የሚገርማችሁ፣ መዶሻው ሲጮህ ትተኛለች፤ ዝም ሲል ትነቃና ታለቅሳለች። ስለዚህ ምሳዬን በግራ እጄ እየበላሁ በቀኜ ባዶ ቆርቆሮ እመታ ነበር። ጎረቤቶቼ እብድ ነው ብለው ተስማምተው ነበር።

ያች ልጅ አድጋ፣ ተምራ፣ ውሃ ቧንቧ የሚዘረጋ መሥሪያ ቤት ገባች። እዚያ አንድ እንግሊዛዊ አገኘች። ዳንኤል ኩፐር ይባላል። አማርኛ ይችላል፤ ግን ከመጽሐፍ ስለተማረው ሁሉንም ፍጥረት አንቱ ነው የሚለው። ድመቴን «እንደምን አደሩ?» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድመቷ ከዚያ ወዲህ ኮርታ አይጥ መያዝ ትታለች።

ልጁን ጠልቼው አልነበረም። ነገር የተጀመረው በርበሬ በረንዳ ነው። እትዬ ሙሉ የምትሰፍርበትን ጣሳ ላደርስላት ሄጄ፣ ገና ከማስነጠሴ ሳልገላገል ጀመረችኝ።

«ሰናይት ፈረንጅ ልታገባ ነው አሉ። እንኳን ደስ ያለህ! ስምህንስ ተሰናበትከው?»

«የምን ስም?»

«አንተ ደግሞ የት ነው የምትኖረው? የእነሱ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አውልቃ የባሏን ነው የምትለብሰው። ፈረንጅ ያገባችውን የእህቴን ልጅ አባት ብታየው! ፓስፖርቷን አገላብጦ አገላብጦ ስሙን አጣው። ደግሞ የባሏም ስም እኮ አይደለም፤ የአያት የቅድመ አያት ነው። ለአንድ መንደር የሚበቃ ሰው በአንድ ስም ተጠቅልሎ ይኖራል።»

ሳቀች። እኔ ግን የጣሳውን ዋጋ ሳልቀበል ወጣሁ። በእኛ አገር ሴት ልጅ ብታገባም፣ ብትወልድም፣ ብታረጅም የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው። እኔ ደግሞ ካለ ሰናይት ልጅ የለኝም። ርስት የለኝም፣ ሕንፃ የለኝም። ምድጃ ሠርቼ ሠርቼ አንዱም ላይ ስሜን አልጻፍኩም። ስሜ የተጻፈበት አንድ ነገር ቢኖር ልጄ ናት።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ቢሆን ኖሮ የዚያኑ ቀን ቤቱ ገብቶ «ሰናይት፣ ስሜን ልትጥዪው ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። እሷም ትመልሳለች፤ ራት ቀርቦ ይበላል። በቃ። እኔ ግን አባት ይጠየቃል እንጂ አይጠይቅም የሚል ሕግ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ አፌን ዘግቼ ሆዴን እያሞቅሁ ከረምኩ። እሷ «አባዬ ምነው ዝም አልክ?» ስትለኝ «ጉንፋን ነው» እላታለሁ።

የሽምግልናው ቀን ደረሰ። በወንዱ በኩል ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ትልልቅ ሰዎች መጡ፤ አንደኛው ከረባት አስሯል። በእኔ በኩል የተቀመጠው ይማም ነው። ይማም የወሎ ሰው ነው። እሱም በርሜል ቆራጭ ነው፤ የእሱን ሱቅና የእኔን ሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። እኔ ዕቃ ላደርስ ስሄድ ሰናይትን አዝሎ ሲቀጠቅጥ የሚውለው እሱ ነበር። ሰናይት «አባዬ» ከማለቷ በፊት «ይማም» ብላለች፤ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

ባለ ከረባቱ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ «ልጅዎን ለልጃችን» ሲል እኔ እጄን አነሣሁ።

«መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠር።»

ይማም ጆሮዬ ሥር ገባ። «አንተ ሰውዬ፣ ከእንግሊዝ ጋር በየት በኩል ትዛመዳለህ ብለህ ነው?»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የፈረንጅ ዘር መቁጠር የሚችል አልነበረም። መኪና ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ልጅ ራሱ ተጠራ። ሙሽራ ሽማግሌ ከተቀመጠበት አይገባም፤ እኔ ግን ሥርዓት ላስከብር ብዬ ሥርዓቱን አፈረስኩት። ዳንኤል አንድ የጨርቅ ከረጢት ይዞ ገባ። ለሁላችንም፣ ከዚያም ለድመቷ፣ እጅ ነሥቶ ተቀመጠና ከረጢቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አባትህ ማን ይባላል?» አልኩት።

«ፒተር ኩፐር።»

«የእሱስ አባት?»

«ዊልያም ኩፐር።»

«የእሱስ?»

«ቶማስ ኩፐር።»

«ከእሱ በላይ?»

«እሳቸውም ዊልያም ኩፐር።»

«ቆይ!» አልኩ። «ይህ ኩፐር የሚባለው ሰውዬ ዕድሜው ስንት ነው? የሁሉም አባት እሱ ከሆነ እኮ ሁላችሁም ወንድማማቾች ናችሁ። አንተ የአያትህ ታናሽ ወንድም ነህ ማለት ነው!»

ይማም ሳቁ ትን ብሎት ጀርባውን መቱት። ዳንኤልም ሳቀ። ደግ ሳቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው።

«ጋሼ፣ ኩፐር ሰው አይደሉም፤ ሥራ ናቸው» አለ። «በጥንት ጊዜ በእኛም አገር ሰው የራሱ ስም ብቻ ነበረው። በአንድ መንደር ግን ዊልያም የሚባሉ በዙ። የቱ ዊልያም ሲባል ሰፈርተኛው 'በርሜል ሠሪው ዊልያም' አለ። የእንጨት በርሜል ነው፤ ቢራ የሚቀመጥበት፣ ጨው የተነሰነሰበት ዓሣ የሚከተትበት። ቃሉ ከባሕር ማዶ ጎረቤቶቻችን የመጣ ነው ይባላል፤ መነሻው ገንዳ ማለት ነው። ሰውየውን ማንም አልጠየቃቸውም። ሰፈሩ አወጣላቸው፣ ግብር ሰብሳቢው ጻፈው። ከዚያ ልጃቸው ዳቦ ጋጋሪ ቢሆንም፣ የልጅ ልጃቸው ወታደር ቢሆንም፣ በርሜል ሠሪ እንደተባሉ ቀሩ።»

«ዛሬስ የሚሠራ አለ?» አለ ይማም፤ ወንበሩን ወደ ልጁ አስጠግቶ።

«የመጨረሻው ቅድመ አያቴ ቶማስ ነበሩ። የብረት በርሜል መጣና የእንጨቱ ሥራ ቆመ።»

ይማም ጉልበቱን መታ። «ያ የብረት በርሜል እኮ ነው እኛን ያሳደገን! ወላሂ፣ እናንተ ቤት አፍርሶ ሲወጣ እኛ ቤት ነው የገባው! አሁን ደግሞ ሊያስታርቀን ነው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባለ ከረባቱ ከረባቱን ላላ አደረገ። ጓዳ ያለችው ሰናይት ስትስቅ ሰማኋት። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ሰርግ ነበር።

እኔ ግን ስንት ቀን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ያጋልኩትን ብረት የት ላድርገው? ስሜን የሚነጥቀኝ ስም ምን ትልቅ ስም ይሆን ብዬ ስፈራ ሰንብቼ በርሜል ሠሪ ሆኖ ሲገኝ ጊዜ፣ የምንቅበትን አገኘሁ አልኩ። ተነሣሁ።

«እኔ ልጄን ለበርሜል ሠሪ ዘር አልሰጥም! የቀጥቃጭ ስም ተሸክማ አትሄድም!»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፍሬ ጠቁሮ፣ ልብሴ ኬሮሲን እየሸተተ። የቤቴ ጣራ የበርሜል ቆርቆሮ ነው። ባለ ከረባቱ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና የተቀመጠበትን ወንበር አየ። በርሜል ነው። ይኸውና እግሩ ላይ የዘይት ፋብሪካው ማኅተም አለ።

ይማም ቆቡን አነሣ።

«እኔስ?» አለኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት አጠገብህ ስቀጠቅጥ እኔ የማን ዘር ነበርኩ?»

«አንተን አላልኩም…»

«ልጅህን ያዘልኩበት ጀርባ የቀጥቃጭ ጀርባ ነበር። ያኔ አልቆረቆራትም።»

ወጣ። ዳንኤል ከረጢቱን አየት አድርጎ አፉን በገመዱ አሰረና «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» ብሎ ተነሣ። ምን አድርጎ ይቅርታ እንደጠየቀኝ እንጃ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉት።

ሰናይት ከጓዳ ወጣች። ተወልዳ እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም።

«ማን ነው ስምዎን ትጥላለች ያለዎት?» አለችኝ።

ከስድቡ ሁሉ ይህች «ዎ» ገደለችኝ።

«ከእኔ አፍ ሰምተዋል? ገና ስንተዋወቅ ነው የነገርኩት፤ በአባቴ ስም ነው የምኖረው ብዬ። እሱም 'ያኮራል' ነው ያለኝ። አንድ ጊዜ ቢጠይቁኝ ምን ነበር? ከረጢቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የቅድመ አያቱ የቶማስ መዶሻ ነው። አባቴ በርሜል ነው ሥራው ስለው ደስታው ልክ አጥቶ ከአጎቱ ቤት አስመጣው፤ ለእርስዎ ሊሰጥ። እኔ በርሜል ውስጥ ነው የተኛሁት። የተማርኩት በበርሜል ነው። ዛሬ የሰደቡት እኔን ነው።»

ልብሷን ሸክፋ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ድመቷ ብቻ ቀረች፤ እሷም ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

ከዚያ የሆነውን ምን ልበላችሁ። ይማም አኮረፈኝ፤ ግን ሱቃችንን የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ማኩረፍ አልተመቸውም። ስለዚህ በድመቷ በኩል ያናግረኝ ጀመር። «አንቺ ድመት፣ ለጌታሽ ንገሪው፣ መቀሱን ይመልስ።» እኔም «ንገሪው፣ መቀሱ እዚያው ምስማሩ ላይ ነው» እላለሁ። ሰናይት ጋ ሄዶ እንደሚጠይቃት አውቃለሁ። እኔ ለምን አልሄድኩም? ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ እግሬ ይከብደኛል፤ ምን ብዬ እንደምጀምር እንጃ። አንድ ቀን ታዲያ በቆርቆሮው ቀዳዳ እንዲህ አለ፦ «አንቺ ድመት፣ እሱ ባይፈቅድም ሰርጉ የፊታችን እሑድ ነው በይው። ሰው ከሆነ ይመጣል።»

ይቅርታ በአፌ አይወጣልኝም፤ ጉድለቴን አውቃለሁ። እጄ ይናገርልኝ አልኩ። ለዚያ ልጅ በርሜል እሠራለታለሁ! መቁረጥ አይደለም፣ መሥራት። እንጨቱን አልችልበትም፣ በብረቱ እሞክራለሁ። ችግሩ በርሜል ለመሥራት ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ ቆርቆሮ ለማግኘት በርሜል መቁረጥ አለብኝ። ቆረጥኩ። አጠፍኩ፣ በየድኩ፣ ቀለበት አሰርኩለት። ሲጠናቀቅ ወገቡ ጠምሞ፣ አፉ ወደ ራጉኤል ዞሮ፣ ውሃ ሲሞሉበት በየት በኩል እንደሚያፈስ እንኳ ለመናገር ይከብዳል፤ በሁሉም በኩል ነው።

ይማም ኩርፊያውን ረስቶ ብቅ አለ። «ጤና ይስጥህ! ሁለት ደህና በርሜል አርደህ አንድ በሽተኛ በርሜል ወለድክ!»

ስድብ ቢሆንም ደስ አለኝ። ለእኔ ነበራ የተናገረው።

እሑድ ዕለት ሱፌን ለበስኩ። ይማም ቀድሞ ሄዷል። «በርሜሉን ተወውና ና» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ያለ እሱ በየትኛው ፊቴ እገባለሁ? ታክሲዎቹ በርሜሉን ሲያዩ ነዳጅ ይጨምራሉ። በመጨረሻ ባለ ጋሪ አገኘሁና በገመድ አስረን በበርበሬ በረንዳ ቁልቁል ተያያዝነው። ገመዱ ተፈታ። በርሜሉ ወገቡ ጠማማ ነውና ቀጥ ብሎ አይንከባለልም፤ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ እየረገጠ ሄደና የእትዬ ሙሉ ጆንያዎች መሀል ገባ። ቀይ ደመና ተነሣ። መንገዱ በሙሉ ያስነጥስ ጀመር። የመኪና ጡሩምባ፣ ማስነጠስ፣ ስድብ፣ ማስነጠስ።

«ስምህን ነጠቁህ ስልህ ዓይኔን ላጥፋ አልኩህ እንዴ?» ትጮኻለች እትዬ ሙሉ።

«የእህትሽ ልጅ ናት የነጠቀችው! የእኔ ልጅ አልጣለችውም!» እላለሁ፤ አስነጥሳለሁ።

ጆንያውን አነሣሣሁ፣ በርበሬውን አፈስኩ፣ ይቅርታ ሳልል መንገዴን ቀጠልኩ። አዳራሹ በር ስደርስ ሱፌ ቀይ፣ ፂሜ ቀይ፣ ዓይኔ እንባውን ያወርዳል። ዘበኛው አዘነልኝ።

«የሙሽራዋ አባት ነዎት? አይዞዎት፣ ሴት ልጅ መዳር ያስለቅሳል። ይግቡ።»

«በርሜሉስ?»

«በርሜል ይዞ መግባት አይፈቀድም ጋሼ። እርስዎ ይግቡ፣ እኔ እጠብቅልዎታለሁ።»

ይህን መልካም ሰው እስከ ዛሬ አልረሳውም። ምን ነበር እሺ ብል? ባዶ እጄን ብገባ፣ ባስነጥስ፣ ቢስቁብኝ?

«በርሜሉ ከቀረ እኔም ቀርቻለሁ!» አልኩት።

«ጋሼ፣ በእግዜር፣ ልጅዎ ናት…»

«ቀርቻለሁ አልኩህ!»

በርሜሌ ላይ ተቀመጥኩ። ይለምኑኛል ብዬ ነው። አንድ ሰው ወጥቶ ያየኛል፣ ይነግራታል፣ ትመጣለች ብዬ። ዘፈኑ ይሰማኛል፤ እልልታው ይሰማኛል። «ኧረ የሙሽራዋ አባት» ተብሎ የሚዘፈነው ዘፈን ሲመጣ ጭብጨባው ቀዘቀዘብኝ፤ ወይም እኔ ነኝ የቀዘቀዝኩት። ሙሽሮቹ በኋለኛው በር ነው የወጡት። ይህን የነገረኝ ወንበር ሊያወጣ የመጣ አስተናጋጅ ነው።

በርሜሉን መልሼ ሱቄ በር ላይ አቆምኩት። ማን ይገዛዋል፤ ቆርጬም ልጥለው አልሆነልኝም። እንግዲህ ያ ልጅ የነገረን ታሪክ ትዝ ይበላችሁ። ሰፈሩ ማንንም ሳይጠይቅ ስም ያወጣል አላለም? በርሜል ቆራጩ ብዙ ነው፤ በርሜል ሠሪው ግን በምን አለሽ ተራ እኔ ብቻ ሆንኩ። መጀመሪያ ይማም አለ፤ ቀጥሎ ባለ ጋሪው፤ ቀጥሎ እትዬ ሙሉ ለደንበኛዋ «ጣሳ ከፈለግሽ ጋሽ ኩፐር ጋ ሂጂ፣ ጠማማ በርሜል ከቆመበት በር» አለች። ተቆጣሁ፣ ተሳደብኩ፣ መዶሻ አነሣሁ። ስም ሲቆጡት ይለጠፋል መሰለኝ። አሁን ግብር ሰብሳቢውም ሲመጣ «ጋሽ ኩፐር፣ እንደምን ዋሉ» ይለኛል። ልጄ አንድ ቀን እንኳ ያልተጠራችበት ስም ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ። እሷማ ሥራ ቦታዋም፣ ቤቷም፣ በእኔ ስም ነው የምትጠራው። በስልክ ትደውላለች፤ ቀርታ አታውቅም። «ደህና ነዎት?» ትላለች። «ደህና ነኝ» እላለሁ። «ነዎት» የምትለዋን ተዪያት ልላት አፌ ድረስ ይመጣና ስልኩ ይዘጋል።

ባለፈው ይማም ቆርቆሮውን በቡጢ ደበደበው። ድመቷን አልጠራም።

«ተነሥ! ሰናይት ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች!»

እንዳለሁ፣ በሥራ ልብሴ ተከተልኩት። መተላለፊያው ላይ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ተደርድረን ተቀመጥን። ዳንኤል መድኃኒት ሊገዛ ወጥቷል አሉን። በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ ብቅ ብላ የአንድ ሰውዬ ስም ጠራች። ማንም አልተነሣም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ይህ ሰውዬ የት ሄዶ ነው፣ ልጁ ተጨንቃ እያለች የማይገኝ፣ ብዬ በሆዴ ወቀስኩት። ግራና ቀኝ ሁሉ አየሁ።

ይማም ክርኑን ጎኔ ውስጥ ቀበረው።

«አንተን እኮ ነው!»

«ምን?»

«የጠራችው ከልጅህ ስም ኋላ ያለውን ነው፤ የአንተን! አባትህ ያወጣልህ! ተነሥ!»

ተነሣሁ። ለዚያ ስም ብዬ ቤቴን አፍርሻለሁ፤ ሲጠሩኝ ደግሞ እንደ ባዳ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው ፈለግሁ።

ነርሷ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አባቷ እርስዎ ነዎት? 'አባዬ መጥቶ ከሆነ ይግባ፣ እሱን ጥሩልኝ' ብላ ነው እኮ። ምነው ስጠራ ዝም አሉ? ስምዎ አይደለም እንዴ?»

«ስሜስ ነው ልጄ» አልኳት። «ግን እሷ ጋ ነው የሚኖረው፤ እኔ ዘንድ ከመጣ ቆይቷል።»